መጽሔትን የሚያኖር አንባቢ
በደብረ ታቦር ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



ዛሬ የምናገረው ትርፍ የማይፈልግ፣ ደመወዝም የማይከፍል፣ በበጎ ፈቃደኞች እጅ የሚዘጋጅ መጽሔት በሕይወት እንዲቆይ አንባቢው ምን ማድረግ ይችላል ስለሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው እኔን በግል ያሳፈረኝ ስለ ሆነ ከኀፍረቴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና አራት ጓደኞቼ ስለ ደቡብ ጎንደር ደጋ ታሪክ፣ ቋንቋና ኑሮ የምትተርክ አንዲት ቀጭን መጽሔት እናዘጋጅ ነበር። ከማስተማር ሥራችን በሚተርፈን ሰዓት እንጽፋለን፤ እናርማለን፤ ወጪውን ከኪሳችንና ከአንድ ነጋዴ በምናገኘው ስጦታ እንሸፍናለን። ሦስት እትሞች ወጡ። አራተኛው ተጽፎ፣ ታርሞ፣ ገጹ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ቀረ።

በዚያ እትም ውስጥ በጋይንት በኩል ይኖሩ የነበሩ አንድ የድጓ መምህር ስለ ተማሪነት ዘመናቸው የሰጡን ረጅም ቃለ ምልልስ ነበረ። በየትኛው መንደር ቁራሽ ይለምኑ እንደ ነበር፣ በየትኛው ደጅ ውሻ ይበረታ እንደ ነበር፣ የትኛዋ እናት ለተማሪ ብላ እንጀራ ለይታ ታስቀምጥ እንደ ነበር በስም እየጠሩ ነግረውናል። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ በወጡ ጊዜ ሁለት ጊዜ አገኘኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ «ልጄ፣ ያ የነገርኋችሁ ነገር ወጣ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱንም ጊዜ «በቅርቡ ይወጣል፣ የኔታ» አልኋቸው። ሦስተኛ አልተገናኘንም፤ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ለረጅም ጊዜ ለዚህ ውድቀት የምሰጠው ምክንያት የገንዘብ እጦት ነበር። የወረቀት ዋጋ ናረ፤ ስጦታ ይሰጡን የነበሩት ነጋዴ ሥራቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ሥራውን ወደ ማተሚያ ቤት ማድረስ እንኳ አልተቻለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ልብስ ላሰፋ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ሁለተኛውን እትማችንን ከመሳቢያቸው አውጥተው አሳዩኝ። ሽፋኑ ተቀዷል፤ ጠርዙ በብዙ እጅ ብዛት ጠቁሯል። «ይህች ነገር የት ደረሰች?» አሉኝ። ስለ ገንዘቡ ችግር ነገርኋቸው። «መምህር፣ ችግር አለብን ብትሉን ኖሮ እናዋጣ አልነበረም? ለእድር እናዋጣ የለም ወይ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንባቢዎች ነበሩን፤ ነገር ግን ስማቸውን የያዘ አንድ መዝገብ አልነበረንም። ከእነርሱ ምን እንደምንፈልግ አንድም ቀን አልነገርናቸውም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ከዚያ የልብስ ሰፊ ቃል የተወሰደ ነው፤ የበጎ ፈቃድ መጽሔት የሚኖረው እንደ እድር ሲያዝ ነው፤ መዋጮው ትንሽ፣ ጊዜው የታወቀ፣ ሥራው በተራ የሚከወን፣ ሒሳቡ በአደባባይ የሚነገር ሲሆን።

ወጪው እንዴት እንደሚሠራ

አንባቢ እንዴት እንደሚረዳ ለማወቅ በመጀመሪያ የመጽሔት ወጪ ምን ጠባይ እንዳለው ማወቅ ይገባል። ወጪው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንድ ቅጂ ቢታተም ሺህ ቅጂ ቢታተም የማይለወጠው ነው፤ የገጽ ቅንብር፣ የሽፋን ሥዕል፣ የማተሚያ ፕሌት ዝግጅት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ከቅጂው ብዛት ጋር የሚያድገው ነው፤ ወረቀት፣ ቀለም፣ ጥረዛና ማጓጓዣ።

ለማስረዳት ብቻ የመረጥሁትን ቁጥር ልጠቀም። የማይለወጠው ወጪ 40,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ቅጂ ወረቀትና ጥረዛ 60 ብር ነው እንበል። 200 ቅጂ ብናሳትም ጠቅላላው 52,000 ብር ይሆናል፤ አንዱ ቅጂ 260 ብር ፈጀ ማለት ነው። 1,000 ቅጂ ብናሳትም ጠቅላላው 100,000 ብር ነው፤ አንዱ ቅጂ 100 ብር ብቻ ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ አንባቢ በመጣ ቁጥር የቀደሙት አንባቢዎች ሸክም ይቀልላል። ጎረቤቱን ለመጽሔቱ ደንበኛ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ለሁሉም አንባቢ ዋጋ ቀንሷል።

ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። በዚሁ ስሌት 1,000 ቅጂ አሳትመን እያንዳንዱን በ100 ብር ለመሸጥ ተስፋ አደረግን እንበል። የተሸጠው 400 ብቻ ቢሆን የገባው 40,000 ብር ነው፤ 60,000 ብር ኪሳራ ሆኖ 600 ቅጂ በመጋዘን ይቀመጣል። ብዙ ትንንሽ መጽሔቶችን የሚያስቆማቸው ይህ ግምት ነው። አንባቢው አስቀድሞ ሲከፍል ግን አዘጋጆቹ ስንት ቅጂ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ፤ ለመጋዘን አያትሙም። የቅድሚያ ክፍያ ከገንዘብነቱ ይልቅ በእርግጠኝነቱ ይጠቅማል።

ከእኛው ደጋ የተገኘ ልማድ

ይህ አሠራር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም የድጓ መምህራን መፍለቂያ ነው። በዚሁ ዞን የሚገኘው ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት፣ ሰለልኩላም በቅዳሴ ትምህርት የታወቁ ናቸው። እነዚህ የትምህርት ቦታዎች ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ ሲያስተናግዱ የኖሩት በአንድ ባለጠጋ ቀለብ ሰጪነት ብቻ አልነበረም። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቤት ከማዕዱ ቁራሽ ይሰጣል። ቁራሹ ትንሽ ስለ ሆነ ሰጪውን አያደኸየውም፤ ሰጪው ብዙ ስለ ሆነ ተማሪው አያድርም ተርቦ። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የከተማችን ስም የተሸከመው በዓል ሲከበር ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩትም በዚሁ ሥርዓት ነው። ከያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ሙልሙል ይበቃል።

የብራና መጻሕፍትም የሚገኙት በብዙ እጅ ነበር። አንድ መጽሐፍ እንዲጻፍ ቆዳ የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ የሚጽፍ፣ የሚያርም፣ የሚደጉስና ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። በብዙ የግእዝ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚገኘው ጸሎት የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የተረጎመውንና የሰማውን አንድ ላይ እየጠራ ምሕረት ይለምናል። አምስቱ ጎን ለጎን መቆማቸውን ልብ በሉልኝ። በሊቃውንቱ ዘንድ የሰማው ሰው እንኳ ከመጽሐፉ ባለቤቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠር ነበር። እኛ ዘመናውያን ግን አንባቢን ገዢ ብለን ከጸሐፊው ለየነው፤ ከለየነውም በኋላ ለምን አልረዳንም ብለን አዘንን።

አንድ የሩቅ ምሳሌ

አሁን ከደጋችን ወጥቼ ወደ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ፤ የምንሄደው ግን ስለ እኛው አገር ይታተም ወደ ነበረ ጋዜጣ ነው።

የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በዚያው ሰሞን ሲልቪያ ፓንክኸርስት በለንደን አጠገብ በዉድፎርድ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ሲልቪያ በሴቶች የመምረጥ መብት ትግል የታወቁ ሴት ነበሩ። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ሲልቪዮ ኮሪዮ ፋሺዝምን የሚቃወሙ ጣሊያናዊ ሲሆኑ የኅትመት ሙያም ነበራቸው። ጋዜጣው ከመዋጮና ከባዛር በሚገኝ ገንዘብ፣ ዘወትርም በችግር ውስጥ ሆኖ፣ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ለ20 ዓመት ቆየ። በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ሳይቀር አንባቢ ነበረው። ከጽሑፎቹም ወደ አማርኛ ተተርጉመው በምስጢር ወደ ተያዘችው አገር የገቡ ነበሩ።

ከዚህ ጋዜጣ ሦስት ነገር እማራለሁ። አንደኛው፣ ወሬው የሚመጣው ከአንባቢው ነበር። በጅቡቲ ያለ ወዳጅ የሰማውን ይጽፋል፤ በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁትን ያካፍላሉ፤ ትልልቆቹ ጋዜጦች የተዉትን ነገር ትንሹ ጋዜጣ ያትማል። ሁለተኛው፣ የተሰበሰበ አንባቢ ለሌላም በጎ ሥራ ይሆናል። በለንደን የነርስነት ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሲልቪያ በስማቸው ለሚሠራ ሆስፒታል ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ ያዙ፤ ጋዜጣውም ጥሪውን ለአንባቢዎቹ አደረሰ። ሆስፒታሉ በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሦስተኛው ትምህርት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሥራው እጅግ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ያረፈ ነበር። ሲልቪያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት አቋቋሙ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሔቱን የቀጠሉት ልጃቸው ሪቻርድና ባለቤታቸው ሪታ ፓንክኸርስት ነበሩ። ተተኪ በቤት ውስጥ በመገኘቱ መጽሔቱ ተረፈ። ይህ ዕድል ግን ለሁሉም አይሰጥም፤ ስለዚህ ተተኪን ከአንባቢዎች መካከል ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

አንባቢው ምን ያድርግ?

እንግዲህ ወደ ተግባሩ ልምጣ። ስድስት መንገዶችን እዘረዝራለሁ፤ የገንዘብ ድርሻ ያለው በመጀመሪያው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው፣ የዓመቱን ዋጋ አስቀድሞ መክፈል ነው። ዛሬ በቴሌብር ወይም በባንክ ከገጠር ሆኖም መላክ ይቻላል። አቅም ያለው ሰው ከራሱ ሌላ ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ይክፈል። ከአንድ ሰው የሚመጣ ትልቅ ስጦታ ሲገኝ ግን አዘጋጆች ይጠንቀቁ፤ የእኛ መጽሔት የቆመችው በአንድ ምሰሶ ላይ ስለ ነበር ምሰሶው ሲነሣ ወደቀች። ትልቁን ስጦታ ለዕለት ወጪ ከማዋል ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ማድረስ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የታተመ እሽግ ደብረ ታቦር ቢደርስ እንኳ ከዚያ ወዲያ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እብናት የሚወስደው ሰው ይፈልጋል። ለሥራ ወደዚያ የሚሄድ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ አሥር ቅጂ ይዞ ቢሄድ የማጓጓዣውን ወጪ አስቀረ። አንብቦ የጨረሰውን ቅጂ ለሌላ ማሳለፍም ማድረስ ነው፤ ነገር ግን ሲያሳልፍ የመጽሔቱን አድራሻ አብሮ ይንገር። ያ የልብስ ሰፊው ቅጂ በብዙ እጅ ሲያልፍ ከእነዚያ እጆች አንዱም ወደ እኛ የሚመጣበትን መንገድ አላወቀም ነበር።

ሦስተኛው፣ ሙያን መስጠት ነው። መጽሔት ጸሐፊ ብቻ አይበቃውም። የፊደል ግድፈት የሚለቅም ዓይን፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ ገጽ የሚያቀናብር፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ የግእዙን ጥቅስ የሚያቃና ሊቅ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ «በተቻለኝ ሁሉ እረዳለሁ» የሚል ቃል አትስጡ። «በየሦስት ወሩ ሃያ ገጽ አርማለሁ» በሉ። ልኩ የታወቀ ትንሽ ሥራ ልኩ ካልታወቀ ትልቅ ቃል ኪዳን ይበልጣል። ደቦ የሚያምረው ሁሉም ማለዳ ስንት ሰዓት እንደሚወጣና የማን እርሻ እንደሚታረስ ስለሚያውቅ ነው።

አራተኛው፣ መጻፍ ነው። በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ገጾቹን የሞላው በዘመኑ የተማሩ ወጣቶች ስለ ትምህርት፣ ስለ ንግድና ስለ አስተዳደር እየጻፉ በሚልኩለት ሐሳብ ጭምር ነበር። አንባቢ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለው። የጉና ገበሬ የገብስ ዝርያዎችን በስም ያውቃል፤ የጋፋት አካባቢ ሽማግሌ ዐፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል»ን ስላስቀረጹበት ስፍራ ከአያቱ የሰማው አለ። መጻፍ የማይችል ይናገር፤ ልጁ ይጻፍለት። የተሳሳተ ነገር ታትሞ ካየም «ተሳስታችኋል» ብሎ ይላክ። የእርማት ደብዳቤ ለአዘጋጅ ከውዳሴ ይልቅ የሚጠቅም ስጦታ ነው፤ መጽሔቱ በጥንቃቄ መነበቡን ይመሰክራልና።

አምስተኛው፣ መጠበቅ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ያህል ብቻ ይሰራጭ እንደ ነበር ይነገራል። ይህን ያህል ጥቂት የሆነ ነገር አንዱ ቅጂ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚጎዳ ገምቱ። ትንሽ መጽሔትም እንዲሁ ነው። አንባቢ የቁጥሮቹን ተከታታይ ይሰብስብ፤ አዘጋጅም ከእያንዳንዱ እትም ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ለወመዘክር፣ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጥ። የሲልቪያን ጋዜጣ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች የሚያገላብጡት አንድ ሰው ገጾቹን ስለ ጠበቀላቸው ነው።

ስድስተኛው፣ መጠየቅ ነው። እድር ዓመታዊ ሒሳቡን ለአባላቱ ያነባል፤ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ይለውጣል። አንባቢም «ስንት ገባ? በምን ወጣ? የሚቀጥለው እትም መቼ ነው? አዘጋጁ ቢታመም ማን ይተካል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ የሚቀበል አዘጋጅ ካለ ገና መጽሔቱን የራሱ ንብረት አድርጎ ነው የሚያየው። እኔም እንደዚያ ነበርሁ። ሦስቱ እትሞች በወጡበት ጊዜ ሁሉ ምስጋና ስቀበል ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ሰው ባለመኖሩም ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ዝምታ የመጀመሪያው የሕመም ምልክት ነበረ።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ከእናንተ መካከል «በዚህ የኑሮ ውድነት ዘመን ስለ መጽሔት መዋጮ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጁን ማብላት የተቸገረ ሰው ለመጽሔት የማዋጣት ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህም ነው ከስድስቱ አምስቱ መንገዶች ገንዘብ የማይጠይቁት። ሌላው «ሁሉን በስልክ ማንበብ እየተቻለ ወረቀት ለምን?» ይላል። በስልክ ማሰራጨት ወጪውን ይቀንሳል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን መረብ በማይደርስበት ወይም በሚቋረጥበት መንደር ወረቀቱ ብቻውን ይገኛል። ደግሞም የእርማቱ፣ የተተኪው፣ የጽሑፉና የሒሳቡ ጥያቄ በስልክም ቢሆን በወረቀት ያው ነው። የሚወድቀው የማተሚያው ወጪ ብቻ ነው፤ የሰው ሥራ እንዳለ ይቀራል።

ንግግሬን ልፈጽም። አራተኛው እትም አሁንም በኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ባለፈው ወር ከቀድሞ ጓደኞቼ ሁለቱ ከጎኔ ሆነው እንደገና አነበብነው፤ ከልብስ ሰፊው ጀምሮ አንባቢዎቻችንን በስም መመዝገብ ጀምረናል። በአዳራሹ በር አጠገብ አንድ ደብተር ተቀምጧል። በግራ ዓምድ ስማችሁን ጻፉ፤ በቀኝ ዓምድ ደግሞ ከስድስቱ የመረጣችሁትን አንድ ነገር ከነልኩ አስፍሩ። ሰማንያ ስም ከሞላ ወደ ማተሚያ ቤት እንሄዳለን፤ ካልሞላም ይህንኑ በግልጽ እነግራችኋለሁ። የገባውና የወጣው ገንዘብ በየሦስት ወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የኔታ ሁለት ጊዜ ለጠየቁኝ ጥያቄ በሕይወት ሳሉ መልስ አልሰጠሁም። ቃለ ምልልሳቸው ሲታተም የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ ወደ ጋይንት እሄዳለሁ። በስም የጠሯቸው እናቶች ልጆች ዛሬም በዚያ ይኖራሉ፤ የእናቶቻቸውን ስም ያንብቡት።

 አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።